ሞራ ያልነካው ክር

በሕይወቴ አንድም ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ስለ ማጥመጃ ክር ግን ከማንም ጋር እከራከራለሁ፤ ደግሞም እረታለሁ። ነፋስ ሲኖር የትኛው ክር እንደሚሻል፣ ውሃ ሲደፈርስ የትኛው እንደሚጠቅም፣ ውሃው ጎድሎ ሲጠራና ዓሣው ጥላ አይቶ ሲሸሽ የትኛውን ማንሳት እንደሚገባ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ይህን ዕውቀት ብረሳው ደስ ባለኝ ነበር። እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ያደግሁት ነገሌ ቦረና ነው። አባቴ ከወሎ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ እናቴም የዚያው የወሎ ሰው ናት። የወለዱት ሁለት ልጅ ነው፤ ወንድሜንና እኔን። ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል።

ክሮቹ ቤታችን የገቡት መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። ከተማችን ውስጥ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ወደ ገናሌ ወንዝ እየወረዱ ያጠምዱ ነበር። ሁኔታው ሲያሰጋው አብዛኛውን ዕቃውን ጥሎ ሄደ፤ ለአባቴም አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ተወለት። ሳጥኑ ውስጥ እየተገጣጠመ የሚረዝም ዘንግ፣ ላባ የታሰረባቸው ትንንሽ መንጠቆዎች፣ በሦስት ማጠንጠኛ የተጠቀለሉ ሦስት ክሮች ነበሩ።

አባቴ ለእኔና ለወንድሜ ክሮቹን ያስተዋወቀን ክፍል ውስጥ እንዳለ ሆኖ ነው፤ ሌላ አነጋገር አያውቅበትም ነበር። «በዚህኛው ማጥመድ የሚወረወረው መንጠቆው አይደለም» አለን። «መንጠቆው ላባ ነው፣ ክብደት የለውም። የሚወረወረው ክሩ ነው። ክሩን ያላወቀ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል።»

ቢጫው ወፍራም ነበር፤ ከፊት ከበድ ብሎ ወደ ኋላው ይቀጥናል። እሱ ለነፋስና ለሩቅ ነው፤ ራሱን ችሎም ይንሳፈፋል። ጥቁር አረንጓዴው ይሰምጣል፤ ለደፈረሰ ውሃና ታች ለሚተኛ ዓሣ ነው። ሦስተኛው ሐር ነበር፣ የደረቀ ሣር የመሰለ፣ ቀጭን፣ ያረጀ። መሐንዲሱ ከአያቱ ወርሶታል ይባል ነበር። በበጋ፣ ገናሌ ጎድሎ ከታች ያለው ድንጋይ ሲቆጠር፣ ቢጫውን ከወረወርከው ውሃውን በጥፊ ይመታዋል፤ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ሁሉ ይበተናል። ሐሩ ግን ዓሣው ሳያውቀው ከራሱ በላይ ያርፋል። አንድ አመል ብቻ ነበረው፤ ካልተቀባ አይንሳፈፍም። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሞራ መታሸት ነበረበት። ያልተቀባ ሐር ይሰምጣል፣ የሰመጠ ደግሞ ድንጋይ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ለማላቀቅ ውሃው ውስጥ መግባት ነው።

አባቴ መወርወር የተለማመደው በትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ላይ ነበር፤ ያለ ውሃና ያለ መንጠቆ። ተማሪው ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይስቅበት ነበር። አንድ ቀን ከብታቸውን ወደ ገበያ የሚነዱ የቦረና ሽማግሌ ቆመው ሲያዩት ቆዩና፣ «መምህር፣ አለንጋው ጥሩ ነው። ከብቱ የታለ?» አሉት። ቦረና ዓሣ አይበላም። አባቴ ነገሩን ሲያስረዳቸው ሽማግሌው አዘኑለት፤ ደሞዙ አልበቃ ብሎት መሰላቸው። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆኑ። የሽማግሌው መንደር ገናሌ አጠገብ ስለነበረ አባቴና ወንድሜ ሲወርዱ እሳቸው ዘንድ ያድሩ ነበር። እንደ ልጆቻቸው ያስተናግዷቸዋል፤ ያጠመዱትን ግን ደጃቸው አያስደርሷቸውም።

ከወንዝ ሲመለሱ ክሮቹ መድረቅ ነበረባቸው። አባቴ አንድ ምስማር በሩ አጠገብ፣ አንድ ምስማር መስኮቱ አጠገብ መታና ክሩን ሳሎኑ መሀል ለመሀል ወጠረው። ቁመቱ የትልቅ ሰው አንገት ላይ ነበር። ስለዚህ ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ያጎነብሳል። እንግዳም፣ ቄሱም፣ ወጥ የያዘችው እናቴም ያጎነብሳሉ። ወንድሜማ ረጅም ስለነበረ ለሁለት ይታጠፋል። ሳላጎነብስ የማልፈው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ክር መቀባት የእኔ ሥራ ሆነ፤ አባቴ ጣትሽ ቀጭን ነው ብሎ ሰጠኝ። ሥራውን እወደው ነበር። ችግሩ ጾም ሲገባ ነው።

እናቴ በጾም ቀልድ አታውቅም። አባቴ ዓሣ ጾም አያስገድፍም ብሎ በሁዳዴ ይበላል፤ እሷ አትበላም። «ዓሣውን ብላ፣ ኃጢአቱ የራስህ ነው» ትለዋለች። «ሞራው ግን በጾም ቤቴ አይግባ።»

«ክሩን አልበላው፣ ሴትዮ።»

«ሞራ የነካ እጅ ድስቴን ይነካል።»

አንድ ዓመት እንዲያውም ሐሩ ተቀብቶ ምስማሩ ላይ ሳለ አውርዳ በሳሙና አጠበችው። አባቴ በማግስቱ ወርዶ ቀኑን ሙሉ ክሩ እየሰመጠበት ተመለሰ፤ ሳምንት ተኳረፉ። በኋላ ታረቁና ስምምነት አደረጉ። የሞራው ጣሳ በቅበላ ቀን ጎረቤታችን ወዳሉት ሙስሊም እናት ቤት ይሄዳል፤ እናቴ ራሷ አፉን በላስቲክ ሸፍና፣ በሲባጎ አስራ ትወስደዋለች። ለፋሲካ ይመለሳል። በመሀሉ ክር የሚቀባ ካለ እዚያ ጎረቤት ግቢ ሄዶ ቀብቶ፣ እጁን በአመድና በሳሙና ታጥቦ ይመጣል። የሚሄደው ሰው እኔ ነኝ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቼ መዘምራን ውስጥ ቆሜያለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀምሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር የምጾመው ለእግዚአብሔር ብቻ አልነበረም፤ ጾሜን የሚያይልኝ ሰው እፈልግ ነበር። እናቴ ለሰው ስታወራልኝ ሰምቼ ደስታውን አልቻልኩትም። የዚያን ሁዳዴ አርብ ከሰዓት በኋላ አባቴ ማጠንጠኛውን ሰጠኝና፣ «ውሃው ጎድሏል፤ ሐሩን ቀቢው። ነገ ወንድምሽ ብቻውን ይወርዳል፣ እኔ የማርመው ፈተና አለኝ» አለኝ። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር።

ማጠንጠኛውን ይዤ ወጣሁ። ጎረቤት አጥር ሥር ደረስኩ። ሴትዮዋ ከውስጥ ሲያጨበጭቡ፣ ዶሮ ሲያባርሩ ይሰማኛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጸሎት አለ፤ ነጠላዬ ታጥቧል። የሞራ ሽታ ደግሞ በአመድም በሳሙናም ከጥፍር ሥር አይወጣም፤ ከጾሙ በፊት በቀባሁ ጊዜ አጠገቤ የቆመችው ልጅ አፍንጫዋን ይዛብኛለች። አጥሩ ሥር ትንሽ ቆምኩ። ቀብታ ትመለሳለች የሚያሰኘውን ያህል ጊዜ ጠብቄ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በነጋታው ወንድሜ ሳጥኑን ሲያዘጋጅ ሁለት ማጠንጠኛ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። «ቀብተሽዋል?» አለኝ። «ካልቀባሽው ንገሪኝ፤ ቢጫውን እይዛለሁ። አባዬ አያውቅም።»

«ቀብቼዋለሁ» አልኩት።

ቢጫውን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። አባቴ ከውስጥ ሆኖ፣ «ዐይንህን ከሐሩ ላይ እንዳትነቅል፣ ከጠፋ ሌላ የለም» አለው። ወንድሜ በሩ ላይ ከልማድ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ያን ቀን የተወጠረ ክር አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ደጅ ላይ ተቀምጠን ሳለ የቦረናው ሽማግሌ ከአይሱዙ ወርደው ወደ እኛ መጡ። ዘንጉ በእጃቸው ነበር። እናቴ ተነስታ ተቀበለቻቸው።

«አካም፣ ናጋ?» አሉ።

«ናጋ፣ አባቴ። አንቱስ?»

«ናጋ። ቤት ናጋ? ከብት ናጋ? ልጆች ናጋ?»

«ናጋ፤ ሁሉም ናጋ ነው» አለች እናቴ። ሽማግሌው ሰላምታውን መዝለል አልቻሉም፤ ያለሱ ወሬ አይጀመርም። እኔ ግን ዘንጉን አይቼዋለሁ። እናቴ ልጆቿ ሰላም እንደሆኑ ስትመልስ እያየኋት ነበር፤ ይህንን ከሁሉ አብልጬ አስታውሰዋለሁ።

«ልጅ፣ ውሃ ወሰደ» አሉ ሽማግሌው በአማርኛ።

በኋላ እያለቀሱ የነገሩን ይህን ነው። እሳቸው ከብት ሊያጠጡ ወርደው ነበር። ክሩ ሰመጠና ከትልቁ ድንጋይ ሥር ገባ። ወንድሜ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ውሃው መልኩ መለወጥ ጀምሮ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ዝናቡ ግን ላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት ከቦሬ አገር ዘንቦ ኖሯል። «ልጄ፣ ክር ነው፣ ተወው» አሉት። «ሌላ የለም» ብሎ መለሰላቸው። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩ ሥር እጁን ከተተ። ከዚያ በኋላ አላዩትም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ታች የወንዙ ጥምዝ ላይ ሰዎች አገኙት። ክሩ በእጁ ነበር፤ አላቆታል።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን አባቴ ለቀስተኛው ቀለል ሲል ማጠንጠኛውን ይዞ ሳሎን ተቀመጠ። ሐሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አስገብቶ ይጎትተው ጀመር። ቀስ እያለ ሁሉንም ጎተተው። ሞራ የነካው ሐር ከውሃ ወጥቶም ያሟልጫል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አሁን ይጠይቀኛል አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ተነስቶ እናቴ ወዳለችበት ጓዳ ገባና በሩን ዘጋው። ድምፃቸውን እሰማለሁ፣ ቃሉን ግን አልሰማም። ሲወጣ አጠገቤ መጣና ራሴን ዳበሰኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ክሩ ጠይቆኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከእናቴ እጅ አልበላም። መጀመሪያ ሐዘን ነው አልኩ፤ ሰዉም እንደዚያ አለ። ዓመት ሞላ፣ ሁለት ዓመት ሞላ፣ አልበላም። ሽማግሌ ገባ፣ የንስሐ አባት ገባ፤ ሰምቶ ይሸኛቸዋል። አልጋውን ለየ። እናቴ ፊቱ ቆማ ሳለ፣ «እናትሽን ቁልፉ የት እንዳለ ጠይቂያት» ይለኛል። እሷም ለእኔ ትመልሳለች። እኔ የሠራሁትን ግን ይበላ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቴ የአባቴ ወጥ ሠሪ ሆንኩ። በላይ በላይ እየጎረሰ፣ «እጅሽ ይባረክ» ይለኛል። እጄን አይቼ ወደ ጓዳ እሮጣለሁ።

ለራሴ የሰጠሁት መልስ ነበረኝ። አባቴ የተቆጣው ሞራውን ከቤት ባስወጣው በእናቴ ደንብ ነው አልኩ። ይህም ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት ቃል ብናገር ግማሹ ቁጣ ወደ እኔ እንደሚዞር አውቃለሁ። አልተናገርኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቤቱ ውስጥ የሆነው ነገር ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። አባቴ ሳጥኑን ቆልፎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው፤ ክር ከዚያ በኋላ ተወጥሮ አያውቅም። ምስማሮቹ ግን አልተነቀሉም፤ እኛም ማጎንበሳችንን አልተውንም። አባቴ ጋዜጣ ይዞ ሲያልፍ መሀሉ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ይላል። እናቴ ትሪ ይዛ ጎንበስ ትላለች። አንዳንዴ ሦስታችን ተቀምጠን ዐይናችን ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የሆነ ሰው ለሁለት ታጥፎ ሊያልፍ እንደሆነ ሁሉ ቀና ብለን እንጠብቃለን። እኔ እያደግሁ መጣሁ፤ አንገቴ እዚያ ከፍታ ላይ ደረሰ። ሳላጎነብስ አልፌ አንገቴን የሆነ ነገር ቢነካኝ ብዬ በግድግዳው ጥግ እዞር ጀመር።

ትምህርቴን ጨርሼ ክብረ መንግሥት ተመደብኩ፣ ከዚያ ያቤሎ፤ ለአባቴ የምታበስል ሠራተኛ ቀጠርኩ። የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ሆንኩ፤ ፋይል አገላብጣለሁ። ጥያቄው ግን ተከትሎኝ መጣ። መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ፣ የታጠበ ልብስ ሽቦ ላይ ሳሰጣ፣ ከኋላዬ «ቀብተሽዋል?» ይለኛል። ድምፁ አይቆጣም። ሁለት ማጠንጠኛ በሁለት እጁ ይዞ እንደጠየቀኝ፣ ቀለል አድርጎ ነው የሚለኝ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ይበረታል። መዘምራን ውስጥ ከዚያ በኋላ አልቆምኩም።

አባቴ ሃያ ዓመት ያህል እንዲያ ኖሮ ታመመና ሞተ። በመጨረሻው ሳምንት ነገሌ ሄጄ አስታምሜዋለሁ። እናቴ አጥሚቱን ሠርታ በሩ ላይ ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔ እንደሠራሁት አድርጌ አጠጣዋለሁ። ብርጭቆውን በያዝኩ ቁጥር ልንገረው ብዬ አፌን እከፍታለሁ። አንድ ቀን «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ትንሽ ጨምር» አልኩት። በማግስቱ ሞተ።

ከዚያ እናቴን ያቤሎ አመጣኋት። ዐይኗ ደክሟል፤ ጾሟን ግን አንድ ቀን አልቀነሰችም። ባለፈው ሁዳዴ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ምስር እንለቅማለን። እሷ በጣቷ እየዳሰሰች ጠጠሩን ትለያለች። ጣቶቿን ሳይ አባቴ ሐሩን ሲጎትት ታየኝና መቋቋም አቃተኝ። አጥሩ ሥር መቆሜን፣ ነጠላዬን፣ የጥፍሬን ሽታ፣ ወንድሜ የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትን ሁሉንም ነገርኳት። 

እናቴ መልቀሙን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«በተቀበረ ማግስት ጎረቤት ሄጄ ጣሳውን አየሁት። ሲባጎው በቅበላ እንዳሰርኩት ነበር።»

እሷ ቀጠለች፤ ድምፏ ስለ ምስሩ የምታወራ ነው የሚመስለው።

«አባትሽ ክሩን ይዞ ገባ። ‹ልጅቷን ልጠይቃት ነው፣ ክሩ ሞራ አልነካውም› አለኝ። ‹ተዋት፣ እሷ ቀብታው ነበር› አልኩት። ‹እኔ ነኝ በሳሙና ያጠብኩት። ጾም ነው፣ ቤቴን አረከሰው ብዬ አጠብኩት።› አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ አመነኝ።»

«እማዬ፣ ሃያ ዓመት ከእጅሽ አልበላም።»

«አልበላም።»

«ለምን?»

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አመቻቸች። «አንድ ልጅ ነበር የቀረኝ» አለች። «አባትሽ ካንቺ እጅ አልበላም ቢልሽ ትሞቺብኝ ነበር። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ አልኩ። በጾም መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ሰግጄበታለሁ።» አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች። «ሳትነግሪኝ እንዳልሞት ነበር የምፈራው። ነገርሽኝ፤ ይበቃል።»

ማልቀስ እፈልግ ነበር፣ አልመጣልኝም። እስከዚያን ቀን አባቴ ዝም ባለ ቁጥር እኔን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ ስትጠብቀኝ የኖረችው እሷ ናት። እኔ የመዘምራን ነጠላዬ እንዳይሸት ብዬ፣ እሷ ደግሞ እኔን ብላ በአንድ ሁዳዴ ዋሸን። የሁለቱንም ውሸት ዋጋ የከፈለችው እሷ ናት። አባቴን የት ሄጄ ነው የምነግረው? መቃብሩ ነገሌ ነው፣ ከወንድሜ ጎን።

ፀሐዩ በረንዳው ላይ ሲደርስ እናቴ ሰፌዱን ይዛ ተነሳች። የያቤሎው ቤቴ ተከራይቼ የገባሁበት አዲስ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ምስማር የለም፣ ክርም ተወጥሮበት አያውቅም። እናቴ ግን ከደጃፉ ሁለት እርምጃ ገባ እንዳለች ሰፌዱን ዝቅ አድርጋ ጎንበስ ብላ አለፈች። እኔም ተከትያት ስገባ እዚያው ቦታ ላይ አጎነበስኩ።